የአማቴ ዓሦች

የነነዌ ጾም የገባበት ሰኞ ነበር። ቢሮ መብራት ጠፋና ከሰዓት በጊዜ ወደ ቤት ተመለስኩ... በሩን ስከፍት ሳሎን ውስጥ ሰው ያወራል።

ቤት የዋሉት አማቴ ብቻ ናቸው። ቄስ ናቸው፤ አባባ ነው የምንላቸው። ከገጠር፣ ከደሃና የመጡት የዓይናቸው ሞራ እስኪገፈፍላቸው እኛ ዘንድ ሆነው ወረፋ ሊጠብቁ ነው። ከማን ጋር ነው የሚያወሩት ብዬ ቆም አልኩ። አገውኛ ነው። ቀስ ያለ፣ ልጅ የሚያባብሉ ይመስላል...

ከመግባቴ በፊት ግን የቤታችንን ጉድ ልንገራችሁ።

ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፣ ሰቆጣ። ባለቤቴ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። አንድ ቀን ከተማሪዎቹ ጋር ወንዝ ወርዶ ጣት የሚያህሉ አምስት ዓሦች በጀሪካን ይዞ መጣ። የመስኮት መስታወት አስቆርጦ፣ በማጣበቂያ ገጣጥሞ ሳጥን ሠራላቸው። ሰፈሩ በሙሉ እየመጣ አየ። አንዷ ጎረቤታችን «መቼ ነው የምትጠብሷቸው?» ብላ ጠይቃኛለች።

አማቴ በመጡ በሁለተኛው ሳምንት ውሃው አረንጓዴ መሆን ጀመረ። መስታወቱ ላይ የሚያሙለጨልጭ ነገር ጋገረበት። ዓሦቹን ማየት አቃተን።

«አልጌ ነው» አለ ባለቤቴ። «ብርሃን ሲበዛና ምግብ ሲተርፍ ይራባል። በቀን ስንቴ ነው የምታበያቸው?»

«እኔ አንዴ ነው፣ ያውም ቁንጥር። አንተ ነህ እንጂ የምታበዛው።»

በጨርቅ እንፈገፍጋለን፣ ግማሹን ውሃ እንቀይራለን፣ በሦስተኛው ቀን ያው ነው። ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር፣ ልብስ ሳላጥብ ለዓሣ ጀሪካን እሸከማለሁ... አንድ ጠዋት ሁለቱን ሞተው ተንሳፈው አገኘናቸው። አባባ እንዳያዝኑ ብለን አልነገርናቸውም። እኔና ባለቤቴ ግን ተኳረፍን። «ቅዳሜ የቀሩትን ወንዝ እመልሳቸዋለሁ» ብሎ ከወሰነ ሦስት ቀኑ ነበር።

እና ወደዚያ ሰኞ ልመለስ... ሳሎን ገባሁ።

አባባ መጋረጃውን እስከ ጥግ ገልጠው፣ ወንበራቸውን ወደ ሳጥኑ አስጠግተው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ግማሽ ዳቦ አለ። ትንሽ ያወራሉ፣ ቆርሰው ይጥላሉ። ደግሞ ያወራሉ፣ ደግሞ ይጥላሉ። እሳቸው ራሳቸው ከሌሊት ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«መጣሽ ልጄ?» አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ። «እንግዶቹን እያበላሁ ነዋ። እዚህ ስቀመጥ ጥላ ጥላቸው ይታየኛል፣ ተሰልፈው ያዩኛል። እያዩኝ እንዴት ዝም እላለሁ? ደግሞ ጨለማ ሆነባቸው፣ መጋረጃውን ገለጥኩላቸው።»

«በቀን ስንት ጊዜ ያበሏቸዋል?»

«ባዩኝ ቁጥር ነው።»

ልሳቅ ልናደድ አላወቅኩም። ውሃውን ያበላሸው ዳቦው ነው ብዬ በቀጥታ ብነግራቸው በማግስቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ደሃና እንደሚሄዱ አውቃለሁ። በሰው ቤት መክበድን እንደ ኃጢአት የሚፈሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸውም ሳይታይላቸው ይቀራል። ትንሽ አሰብኩና...

«አባባ፣ በነነዌ ጊዜ እኮ እንስሳቱም ጾመዋል ይባላል» አልኳቸው።

እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«ልክ ነሽ። ሰውም ከብትም በጉም ምንም እንዳይቀምስ ታውጇል።» ዳቦውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቀለሉት። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ዞረው «ስለ ዓሣ ግን የተጻፈ የለም» አሉ። «ዓሣው እንዲያውም ነቢዩን ውጦ ነበር።»

ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድልን «በአገውኛ ምን እያሏቸው ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ስለ ገብሱ ነዋ... ስለ ዝናቡ፣ ስለ አገር ቤት ሰው። አማርኛ አያቅተኝም ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሆን ግን ይደክመኛል። ልጄም ሲገባ ደብተር ያርማል።»

ወቀሳ አልነበረም። እንዲሁ ነው ያሉት።

አመሻሽ ላይ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። የሚያርመውን ደብተር እንደተከፈተ ትቶ ሄዶ አባቱ አጠገብ ተቀመጠ። በአገውኛ አንድ ነገር አላቸው... አባባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእራት በፊት ሁለቱ ቁጭ ብለው ያወራሉ። እኔ አንድ ቃል አይገባኝም፣ ግን ሽንኩርት እየከተፍኩ መስማት እወድ ነበር።

ዓሦቹን ወንዝ መመለሱ ቀረ፤ ሳጥኑን ከመስኮቱ አራቅነው። የማብላቱን ሥራ ለአባባ ሰጠናቸው... በቀን አንዴ፣ አንድ ቁንጥር ብቻ። «ሐኪም ያዘዘው ነው» ብሎ ባለቤቴ አግባባቸው። ሥራ ከተሰጣቸው ደግሞ እንደ ቅዳሴ ሰዓት ነው የሚያከብሩት። እኛም መስታወቱን መፈግፈጋችንን አልተውንም። ፋሲካ ሳይደርስ ውሃው ጠራ፣ ሦስቱም ዓሦች ተረፉ።

የአባባ ዓይን የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ፋሻው በተነሣላቸው ቀን ቤት ስናስገባቸው ቀጥ ብለው ወደ ሳጥኑ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ።

«እነዚህ ናቸው?» አሉ። «እንዲህ ትንንሽ ናቸው እንዴ? እኔ እኮ ክንድ የሚያህሉ መስለውኝ ነው ያን ያህል ያጎረስኳቸው።»

ለነገሩ የአባባ ጉርሻ ለሰውም ቢሆን ትንሽ ሆኖ አያውቅም።