የጓሮው ጣሳ

ይህን ነገር የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነበርን። አንዷ እናቴ ናት፤ አርፋለች። እኔ ለባሌ አልነገርኩም፣ ለልጆቼም አልነገርኩም፤ በጸሎት ሰዓት እንኳ ዙሪያውን እየዞርኩ ዋናውን ሳልነካ ይኸው ፀጉሬ ሸበተ። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም። በቀጥታ ለእግዚአብሔር ተናገሩ ይሉናል። ለእግዚአብሔር መናገርማ ምን ይከብዳል? እሱ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ስነግረው ፊቱ ሲለወጥ አላይም። የከበደኝ ሰምቶ ፊቱ ለሚለወጥ ሰው መናገር ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንተ ስማኝ። ፊትህም ይለወጥ፤ አልከፋም።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ጉደር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ፤ የምኖረውም እዚያው ከእናቴና ከአባቴ ጋር ነው። ገመቹ የጤና ረዳት ሆኖ ወደ ጉደር ተመደበና በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መካከል ከኋላዬ ቆሞ መዘመር ጀመረ። ድምፁ እንኳ ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም። ግን ዓይን ለዓይን እያየ የሚያወራ፣ ነገር የማያድበሰብስ ሰው ነበር። ገና ስንተዋወቅ፣ "አባቴ ጌዶ አጠገብ ያለ ቀጥቃጭ ነው። ኋላ ከሰው አፍ እንዳትሰሚው" አለኝ።

በኛ አካባቢ የቀጥቃጭ ልጅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የማታውቅ ከሆነ ልንገርህ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላውን የሚሠራልን እሱ ነው። ማረሻ የሌለው ገበሬ ጾሙን ያድራል። ታዲያ በሠራልን መሣሪያ አርሰን፣ አጭደን፣ ከትፈን በልተን ስናበቃ ሰውየውን ቡዳ ነው እንላለን። በደጃችን ሲያልፍ ሕፃን እንሸሽጋለን፣ ወተት እንከድናለን። ቤታችን ከመጣም የሚጠጣው ለብቻው በተለየ ዕቃ ነው። በኛም ቤት ከጓሮው በር ውጭ ምስማር ላይ የተሰቀለ አንድ ጣሳ ነበር። ከሌላ ዕቃ ጋር አይታጠብም፤ ወደ ውስጥም አይገባም። ማን እንደሰቀለው አላውቅም። ነፍስ ሳውቅ እዚያው ነበር።

ከገመቹ ጋር ተዋደድን። የምንጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። እኔ፣ "ሌላ ከተማ እንዛወርና እንጋባ። ማን ዘርህን ይጠይቃል? ሽማግሌ ብትልክም አባትህን ቤት ተውና ስለ ዘር ነገር ዝም ይበሉ" እለው ነበር። ደግሞም የሙሽራ አባት ከሽማግሌዎቹ ጋር አለመሄዱ የተለመደ ነው፤ ማንም አይታዘበንም። እሱ ግን፣ "አባቴ ራሱ ይመጣል" አለ። በኋላ ደብቃችሁናል የሚል ሰው እንዳይኖር፣ ፊት ለፊት።

"ዓለም እንዲህ ናት ገመቹ። እንዳለች መቀበል ነው" አልኩት አንድ ቀን።

"እንዳለች የተቀበላት ሰው ሁሉ ነው እኮ እንዳለች ያቆያት" አለኝ።

ነገሩ አበሳጨኝ። እኔ ሰው ሁሉ እኩል ነው እያልኩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፍ አስተማሪ፣ በእሁድ በእሁድ በክርስቶስ አንድ ነን እያልኩ የምዘምር ሴት፣ እሱ እኔን ሊያስተምረኝ? እንዲያ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የመጡ ዕለት አባቴ ቀጠሮ ሰጥቶ መለሳቸው። ከዚያ ወራት ሙሉ በቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም። ዘመድ መጥቶ ይቆጣል፣ ወንጌላዊው መጥቶ ይለምናል። አባቴ እንቅልፍ አጣ። እናቴ ግን ከማንም ጋር አልተከራከረችም፤ ትሰማ ነበር። እኔ እናቴን ነበር የምፈራው። ያንን ጣሳ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀዳበት ያየኋት እሷን ነዋ!

የቀጠሮው ቀን አራት ሽማግሌዎች መጡ፤ አንዱ የገመቹ አባት ኦቦ ቶላ ነበሩ። እንደ ወጉ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። እሺ ካልተባሉ አይቀመጡም፤ ውሃም አይቀምሱም። አባቴ፣ "ክርስቶስ በደሙ የገዛውን ሰው እኔ በምን አፌ እንቃለሁ? ልጄን ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ" አለ። ጓዳ ሆኜ ስሰማ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። በደስታ ነው።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ።

እናቴ ለዚያ ቀን ብላ አምቦ ገበያ ወርዳ አዳዲስ ኩባያ ገዝታ ነበር። አራቱን በትሪ ደርድራ፣ አራቱንም ወተት ሞላቻቸው። አራት እኩል ኩባያ። ለቀጥቃጭ ወተት! እናቴ፣ ወተት ስትከድን ያረጀችው ሴት፣ ክዳን ሳታደርግ ወተት ቀዳችላቸው። "ወጉ ነው፤ አንቺ አቅርቢ" አለችኝና ቅቤ ልታመጣ ወደ ውጭ ወጣች።

ትሪውን አንስቼ በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ ሳሎን አየሁ። ኦቦ ቶላ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከሰል ያጠቆረው፣ እሳት የጠባበሰው እጅ ነው። ዘመዶቻችን ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ያንን እጅ ያያሉ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ገመቹን ስወድ ያልፈራሁትን አባቱን ሳይ ፈራሁ። ዘመድ ከእንግዲህ በናቴ ኩባያ ላይጠጣ ነው አልኩ። ለናቴ አዘንኩላት፤ እንዲያ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ትልቁን ነገር አግኝተናል፣ ትንሿን ለዓለም ብንተውላት ምን አለ አልኩ። እውነቱን ልናገር? እንደ ሕፃንነቴ ወተቱ አሳዘነኝ። ቡዳ በምንለው ሰው ዓይን መታየቱ አሳዘነኝ። ይህ ነው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ።

ትሪውን አስቀምጬ በጓሮ በር ወጣሁ። ጣሳውን ከምስማሩ አወረድኩ። አንዱን ኩባያ ወደ ጣሳው ገለበጥኩ። ማንም አላዘዘኝም። ማንም አላየኝም። እኔ ነኝ ያወረድኩት፣ እኔ ነኝ የገለበጥኩት፣ እኔ ነኝ ሦስቱን ኩባያ ለሌሎቹ አድዬ ጣሳውን ለኦቦ ቶላ በሁለት እጄ ጎንበስ ብዬ የሰጠኋቸው።

ኦቦ ቶላ ጣሳውን አዩት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ ተቀበሉኝና እስከ መጨረሻው ጠጡት። "ጉዳዱ፣ ኢንታላ ኮ" አሉኝ፤ እደጊ ልጄ ማለታቸው ነው። ተነሥተው በጓዳ በኩል ወደ ጓሮ ወጡ፤ ተከተልኳቸው። ከበርሜሉ ውሃ ጨልፈው ጣሳውን አለቀለቁና ምስማሩ ላይ መልሰው ሰቀሉት። የት እንደሚሰቀል ማንም አልነገራቸውም። በየሰው ቤት ሲሰቅሉት የኖሩት ነው።

ይህን ጊዜ እናቴ ቅቤውን ይዛ ከደጅ መጣች። ምስማሩን አየች፣ የሚንጠባጠበውን ጣሳ አየች፣ እኔን አየች። ቅቤውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ሌሎቹ ሽማግሌዎች ወተቱን ሳይቀምሱ ኩባያቸውን አስቀምጠው ወጡ። አባቴ ከሸኛቸው በኋላ ወደ ጓዳ ገብቶ እናቴ ላይ ጮኸ። "ማል ጎቴ ጫልቱ? ምን አደረግሽ? እኔ በስንት ጭንቅ ያልኩትን እሺታ በጣሳ ትመልሺው?" እናቴ ወደኔ ዞር አለች። አንዲት ቃል ጠበቀች። እኔ ወለሉን አየሁ። ስታጣኝ፣ "የለመደ እጅ ነው፤ ተሳሳትኩ" አለችው።

በማግስቱ ገመቹ ትምህርት ቤት መጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነግሮታል፤ አባቱ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ዓይኑ ደም መስሏል።

"ጣሳውን ማነው የቀዳው?"

"እናቴ" አልኩት።

ይኸው ሁለተኛው በደሌ። ከመጀመሪያው ይከፋል። የመጀመሪያውን ፍርሃት ሠራው ልበል፤ ሁለተኛውን ግን አስቤ፣ መርጬ ነው የሠራሁት። "እናቴ ናት። የድሮ ሰው ናት፤ ምን ላድርጋት? እንዳለች መቀበል ነው" አልኩት። በገዛ ኃጢአቴ ላይ ምክር ጨመርኩበት!

"ዓለምን ለውጪልኝ አላልኩሽም እኮ አስቴር" አለኝ። "ቤታችሁ አንድ ኩባያ ጠፋ?" ብሎኝ ሄደ። በሳምንቱ ጥያቄያችንን ትተናል የሚል መልእክት ከሽማግሌዎቹ መጣ። ገመቹም ዝውውር ጠይቆ ጉደርን ለቀቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነኝ፤ ዘመድ እንዳይቀየመኝ ብዬ የኔን ሰው አጣሁ።

በእናቴ ላይ የደረሰው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ገባ። የጉባኤው ሽማግሌዎች እናቴን አስጠርተው መከሯት። በሴቶች ጸሎት ፊት ቆማ፣ "ወንድሜን ንቄአለሁ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ" አለች። ያላደረገችውን! እኔ ከመዘምራኑ ጋር ተቀምጬ ሰማኋት። ከዚያ ተነሥተን ዘመርን፤ እኔም ዘመርኩ። እንዴት አፌ ተከፈተ? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ ነገር በዕድሜዋ የተናገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጎመን እየቀነጠስን ሳለ ቀና ሳትል፣ "እኔ መስዬው ከሆነ ተመልሶ ይመጣል ብዬ ነው" አለችኝ። ገመቹ እኔን እንዳይጠላኝ፣ የመመለሻ በር እንዳይዘጋብኝ ብላ ነው ሁሉን የተሸከመችው። ጎመኑን መቀንጠስ ቀጠልኩ። ተነሥቼ እግሯ ላይ መውደቅ አቃተኝ? አላቃተኝም። አልፈለግሁም። ከወደቅሁ ለሌላውም መናገር ይመጣላ።

ገመቹ አልተመለሰም። እኔም ሌላ ሰው አገባሁ፤ ደግ ሰው ነው። አምቦ ገባን፣ ልጆች ወለድን። ጣሳውን አንድ ቀን ከምስማሩ አጣሁት፤ እናቴ ጥላዋለች። ዓለም እንዳለች ትኖራለች ስል የነበረው እኔ፣ እናቴ በዓይኔ ሥር ስትለወጥ አላየኋትም። እዚያች ጓዳ ውስጥ ያልተለወጠች አንዲት ሰው ነበረች፤ ዲፕሎማ ያላት።

ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴ ታማ አረፈች። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንድ የሸበተ ሰው አጠገቤ ቁጭ አለ። ገመቹ ነው። ጊንጪ እንደሚሠራ፣ ትዳር እንደያዘ ሰምቼ ነበር። እንደ ወጉ አጽናናኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

"አባቴ ከማረፉ በፊት አዴ ጫልቱን ይቅር ብያለሁ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩም። ሌላው ቢቀር አልዋሽሽም፤ ስማቸውን ስሰማ ይመረኝ ነበር። ዛሬ አፈር ሲለብሱ ሳይ ቻልኩ። እናትሽን ይቅር ብያቸዋለሁ፤ በዚህ ነፍሳቸው ትረፍ።"

እናቴ ገና አፈር ከለበሰች ሰዓት አልሞላትም። ከዚያ የተሻለ ሰዓት እግዚአብሔር ሊሰጠኝ ይችል ነበር? አንድ ቃል ነበር የቀረኝ፤ "እኔ ነኝ" ማለት። ለቅሶኛው ፊት መሆኑ? ባሌ አጠገቤ መሆኑ? ሰበብ ሞልቷል፤ አንዱንም አላቀርብልህም።

"አሜን" አልኩት። "እግዚአብሔር ይስጥልን" አልኩት። እጁን ጨብጬ እስከ ድንኳኑ በር ሸኘሁት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትለኝ ይሆናል። በል፤ ልክ ነህ። ጊንጪ ሩቅ አይደለም፣ ሚኒባሱም በየሰዓቱ ይወጣል፤ እኔ ግን እዚህ ተቀምጬ ለማላውቅህ ለአንተ እጽፋለሁ። ይቅር በለኝም አልልህም። የኔን ይቅርታ ሰውየው ይዞት መጥቶ ነበር፤ ስሙን ተሳስቶ ለእናቴ ሰጣት፣ እኔም ስሙን ሳላርም አሜን ብዬ በላይዋ አፈር መለስኩባት።