ጓንጉል እሳት ያስነካው ዘንግ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ጓንጉልን የማያውቅ መካኒክ ካለ ትናንት የመጣ ነው። የመተማ ልጅ ነው፤ አጭር፣ ሳቂታ፣ ጥፍሩ ከዘይት ጠርቶ የማያውቅ። ገበያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ፒክአፑ ነው፤ እሱ ኋላ ይታያል። የመኪናውን ሞተር አውጥቶ በምትኩ የላንድክሩዘር ሞተር አስገብቶበታል፤ ወገቡንም ቆርጦ አስረዝሞታል። ሰሊጥ ታጭዶ ማሳው ባዶ ሲሆን የሱዳን ባለእርሻ ልጆች ለእሽቅድምድም ይሰለፋሉ። እስከ ዛሬ ጓንጉልን የቀደመ የለም።

ሚስቱ ተናኘወርቅ፣ «እኔ ሁለተኛ ሚስት ነኝ፤ የመጀመሪያዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች» ትላለች።

«እሷ እንኳ አትጨቀጭቀኝም!» ይላታል። ይሳሳቃሉ።

መኪናው አንድ ነውር ብቻ ነበረበት። ወገቡ ስለረዘመ፣ ከካምቢዮው ተነሥቶ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የብረት ዘንግም ረዝሟል። ረጅም ብረት ደግሞ ሲፈጥን ይወዛወዛል፤ መኪናው ነዳጅ ሲረገጥለት ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል። ስለዚህ ዱባይ የሚመላለሰውን ሱዳናዊ ወዳጁን ዩኑስን ለምኖ የካርቦን ፋይበር ዘንግ አስመጣ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ በአንድ እጅ የሚነሣ ነገር ነው።

ጓንጉል እንደ ልማዱ በመፍቻ ቢመታው ድም አለ እንጂ እንደ ብረት አልጮኸም።

«አንተ ዩኑስ! ሸምበቆ ሸጡልህ እንዴ?»

«ወላሂ ከብረት ይጠነክራል! ብቻ ጫፍና ጫፉ ላይ ካለው ብረት ጋር የተያያዘው በሙጫ ነው። እሳት እንዳታስነካው ብለውኛል።»

«እሺ፣ እሺ።»

ገጠመው። ንዝረቱ በጣም ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። በገዳሪፍ ጋራዦች ዘንግ ሲንቀጠቀጥ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በቀለለው ጎን ቁራጭ ብረት ይበየድበታል። ጓንጉል ስንቱን ዘንግ እንዲህ አድኗል! ጥቁሩን ገላ አልነካም። «ብረቱን እንጂ ካርቦኑን መች ነካሁት?» እያለ የፊተኛውን ጫፍ ብረት በየደና ውሃ አፈሰሰበት። ነድቶ ሲሞክረው ንዝረቱ የለም! እየሮጠ ገብቶ ሚስቱን፣ «ሻይ ይዘሽ ብትቀመጪበት አይደፋብሽም» አላት።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ከከሰላ ስልክ መጣ። ትህትና ናት፣ የተናኘወርቅ ታናሽ እህት።

«እናታችን ደክማለች። አንቺን አንቺን ብቻ ነው የምትለው። ቶሎ ነይ፣ እህቴ።»

ተናኘወርቅ ነጠላዋን አጣፋች። «አውቶቡሱ ሳይሞላ መናኸሪያ አድርሰኝ።»

«አውቶቡስ? እኔ ቆሜ? እሱ እየተንፏቀቀ ሳለ እኔ ከእናትሽ አልጋ አጠገብ አስቀምጥሻለሁ።»

«ኧረ ተው ጓንጉሌ፣ ያልለመደ አዲስ ዕቃ ነው። ዛሬ መሞከሪያ ቀን አይደለም።»

«ለዛሬ ያልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው?»

ከነፉ። ሸዋክ ከተማን አልፈው አውቶቡሱን ደረሱበት፤ ጓንጉል ጥሩምባውን እየነፋ ቀደመው። ተናኘወርቅ በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች። መኪናው እውነትም እንደ ውሃ ይፈስ ነበር።

ጊርባ ከተማንም አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ከሥር ጧ! አለ። ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው አይሄድም። ጓንጉል በደረቱ ተስቦ ከሥር ገባ። ጥቁሩ ዘንግ ከብረቱ ተላቆ፣ ጫፉ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበትኗል። የኋለኛው ጫፍ ደህና ነው። የተላቀቀው የፊተኛው ነው፤ እሱ ራሱ የበየደው። ሙጫውን የብየዳው እሳት በልቶታል።

«ምን ሆነ?» አለች ከላይ።

«ተሰበረ» አለ ከሥር።

አውቶቡሱ መጣ። ተናኘወርቅ መሐል አስፋልት ልትገባ ምንም አልቀራት፤ ነጠላዋን አውልቃ አውለበለበች። ሹፌሩ ቅድም በጥሩምባ የቀደመውን መኪና ሲያይ ቀልዱን የሚመልስበት ጊዜ የደረሰ መሰለው፤ እየሳቀ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ።

ፀሐይዋ ከአናታቸው እስክታዘነብል ቆመው፣ ሽንኩርት የጫነ መኪና አነሣቸው። እሱም በየኬላው ይቆማል።

ቀብር አይጠብቅም፤ እንደ ከሰላ ባለ ሙቀት ጭራሽ አይጠብቅም። አመሻሽ ላይ ሲደርሱ ቀባሪው ተመልሶ በር ላይ እጁን እየታጠበ ነበር። ትህትና እህቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«መኪና ባለፈ ቁጥር ‹እነተናኘ ናቸው?› ትለን ነበር። አውቶቡሱ ሲገባ ሰው ላክን፤ ‹የለችም› ብሎ ተመለሰ። ያኔ እንኳ ትተነፍስ ነበር፣ ያኔ እንኳ!»

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ አንዲት አክስት ጓንጉልን እያየች፣ «በአውቶቡስ ብትመጣ ምን ነበረበት?» አለች።

ተናኘወርቅ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። «ተዉት! ለእኔ ብሎ ነው የከነፈው። የከዳን ዕቃው ነው፤ የሩቅ አገር ዕቃ ምኑ ይታወቃል? የእሱ ጥፋት አይደለም።» እጁን ያዘችው።

ጓንጉል አፉን ከፈተ። «ተናኘ፣ እኔ እኮ...» አለና ለቅሶው ቀደመው። ትልቅ ሰው፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።

«እዩት እስቲ!» አሉ ሴቶቹ፤ «አማቱን እንዲህ የሚወድ! የገዛ ልጅ እንኳ እንዲህ አያለቅስም።»

ተናኘወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት። «አይዞህ» አለችው፣ «አንተማ የምትችለውን ሁሉ አደረግህ።»