የነጋ ውዱ ሁለተኛ ዋስ

ከኮሶዬ ብርድ እስከ ጠዳ ሜዳ ያለህ ባለ ርስት፣ ባለ ማዕርግ፣ ባለ ካባ፣ ባለ ጃንጥላ ሁሉ! ወንበርህን አመቻችተህ አድምጥ። ቁመቱ ከበር መቀርቀሪያ እምብዛም የማያልፈው፣ ጋሻ መሬት ያልተሰጠው፣ ደረቱ ላይ ሜዳይ ያልተንጠለጠለበት፣ ግብር ቤት ገብቶ ከበሩ አጠገብ እንኳ ተቀምጦ የማያውቀው ነጋ ውዱ፣ ከእንግዲህ በሰማይ መንገድ ከዓለም ሕዝብ ጋር ይነጋገር ዘንድ በሕግ ተፈቅዶለታል!

ቆይ፣ ቸኮልሁ። ሊፈቀድለት ተቃርቧል ማለቴ ነው። አንዲት ፊርማ ትቀራለች። ይህን ሁሉ ቀለም የማፈስሰውም ስለዚያች ፊርማ ነው።

ነጋን ሳታዩት አልቀራችሁም፤ አላስተዋላችሁት እንደሆነ እንጂ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄዱ ኮሶዬ ላይ ማኪናው ትንፋሹን ሊሰበስብ ይቆማል፤ እናንተም ሽሮ ልትበሉ ትወርዳላችሁ። ከመንገዱ በስተግራ ያለችው ምግብ ቤት የወለላ ናት። ወለላ የነጋ ሚስት ናት። ሽሮዋን እያመሰገናችሁ፣ ከጓሮዋ በሁለት ጽዶች መካከል የተወጠረውን ሽቦ ግን የልብስ ማስጫ ነው ብላችሁ ታልፋላችሁ። የደብሩ አለቃማ፣ «ወለላ፣ ከልብስሽ ማስጫሽ በለጠ» ብለው የቀለዱትን ቀልድ እስከ ዛሬ ይደግሙታል። ያ ሽቦ አንቴና ነው። በዚያ ሽቦ ነጋ ቶሪኖ ካለ ሰው ጋር ይነጋገራል። ቦምቤይ ካለ ሰው ጋር ይነጋገራል። የአለቃ ቀልድ እስከ አምባ ጊዮርጊስ እንኳ ደርሶ አያውቅም።

እንዲህ ያለውን ሰው ፈረንጆች «አማተር» ይሉታል፤ ደመወዝ ሳይቆረጥለት፣ አዛዥ ሳይቆምበት፣ ሥራውን ስለወደደው ብቻ በገዛ እጁ በሠራው ሬዲዮ የሚነጋገር ሰው ማለታቸው ነው። ያለ ደመወዝና ያለ አዛዥ የሚሠራ ሰው በኛ መሥሪያ ቤቶች ታይቶ ስለማይታወቅ፣ ስሙን ከባሕር ማዶ መበደር ግድ ሆነብን።

ነጋ በልጅነቱ የዜማ ተማሪ ነበር። መምህሩ አንድ ዓመት ታገሡትና፣ «ነጋ፣ ጆሮህ ሸጋ ነው፤ ጉሮሮህ ግን የቁራ ነው» ብለው አሰናበቱት። ጆሮ ብቻ ይዞ የቀረ ሰው ምን ይሠራል? ጣልያን መጣና ሥራ ሰጠው። ወልቀፊት ላይ የመሸገው ጦር በግድ ያዘውና የመልእክት ሬዲዮውን ሳጥን አሸከመው። ሳጥኑን ያወርዳል፣ ከአጠገቡ ይቀመጣል፣ ጣልያኑ ሲመታ ያዳምጣል። ቲ፣ ቲ፣ ታአ። አጭር፣ አጭር፣ ረጅም። ዜማ የተማረ ሰው ከቃሉ ራስ ላይ በተጻፈች ትንሽ ምልክት የቱን ቆርጦ የቱን እንደሚያስረዝም ያውቃል። ነጋም የሞርስን ፊደል ልክ እንደዚያ ያዘው። ለእያንዳንዱ ፊደል ዜማ አበጀለትና በልቡ አዜመው፤ ልብ ደግሞ ጉሮሮ የለውም። ጣልያኑ አህያ የጫነ መስሎት ተማሪ አስተማረ።

ጠላት ድል ሆኖ ምሽጉ ሲፈታ፣ ሰዉ ብርድ ልብስና ቆርቆሮ ሲሻማ፣ ነጋ የተሰበረች ሳጥን ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀበት። ሦስት ዓመት ጠገናት፤ በአራተኛው ተናገረች።

ኤሌክትሪክ ከየት አመጣ እንዳትሉ። የጎንደር አዲስ ዓለም ሰው የሆነው ነጋዴው በድሩ የጭነት ማኪና አለው። ማክሰኞ ማክሰኞ የሞላ ባትሪ አውርዶ የደከመውን ይወስዳል። ወለላ ደግሞ ሥጋ ነክቶ የማያውቅ የተለየ ድስት ለበድሩ አስቀምጣለች፤ በዚያ ድስት የምትሠራለት ሽሮ ማንም ዘንድ የለም። «አያ ነጋ፣ ባትሪውን የምሞላልህ ላንተ መስሎህ ነው?» ይለዋል በድሩ። «ለሽሮው ነው።» «እኔስ ላንተ መስሎህ ነው ቤቴ የማስገባህ?» ይመልሳል ነጋ። «ለባትሪው ነው።»

እስከ አምና ድረስ የነጋ ፈቃድ ከጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ነበረች። «ነጋ ውዱ ሬዲዮኑን ቢነካካ የሚከለክለው አይኑር» ትላለች። ይኸው ነው። ዘንድሮ ግን አዲስ ደንብ ወጣ። በሬዲዮ የሚልክ ሰው ይፈተን፤ የራሱ የጥሪ ስም ይሰጠው፤ ከማን ጋር መቼ እንደተነጋገረ በመዝገብ ይጻፍ፤ ንግድና ፖለቲካ አያውራ፤ የሌላ ሰው መልእክት አያድርስ፤ ርስት ወይም የንግድ ፈቃድ ያላቸው ሁለት ዋሶች ይጥራ፤ ይህን እስከ ሰኔ ሠላሳ ያላሟላ ሬዲዮው በሰም ይታሸግ።

ደንብ ባየሁ ቁጥር ማሾፍ ልማዴ ነው፤ በዚህኛው ላይ ግን ምላሴ ትንሽ ተያዘ። ሰማዩ እንደ ቅዳሜ ገበያ ሁሉም ባንዴ ቢጮኽበት ማን ማንን ይሰማል? ነጋም ደንቡን ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ «ሸጋ ነው። ሥራዬ ሥራ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ተገኘ» አለ። ደንቡን በማግሥቱ ማክበር ጀመረ፤ መከራውም ከዚያው ጀመረ።

ፊታውራሪ ተክለ ጊዮርጊስ በበቅሎ መጡ። እኒህ ሰው የወረዳው የገብስ ጎተራ ግማሹ የሳቸው ነው፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ በዓይናቸው ይጠብቁታል።

«ነጋ፣ አስመራ ላለው ወዳጄ ንገርልኝ» አሉ ከበቅሎ ሳይወርዱ። «ገብሱን እስከ ፋሲካ እንዳይገዛ በለው።»

«አይሆንልኝም ጌታዬ። የንግድ ነገር አታውራ፣ የሌላ ሰው መልእክት አታድርስ ይላል ደንቡ።»

«ፈቃድህ ገና መች ወጣልህና!»

«ፈቃዱ ነው እንጂ ያልወጣው፣ ደንቡስ ወጥቷል።»

«ምነው አንተ! የትናንት ሳጥን ተሸካሚ!»

«ዛሬም ተሸካሚ ነኝ ጌታዬ። የሰው መልእክት እንዳልሸከም ነው የተከለከልሁት።»

ፊታውራሪ በቅሎዋን መቷት። ነጋን መምታት አምሯቸው ነበር፤ በቅሎዋ ቀረበች።

በግንቦት ፈታኙ ከአዲስ አበባ መጣ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ይባላል፤ ሱሪው እንደ ምላጭ የተተኰሰ፣ ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ ወጣት ነው። ወለላ ምግብ ቤት ገብቶ፣ ጠረጴዛውን በመሐረብ ጠርጎ፣ ከቦርሳው የሞርስ መምቻ አወጣ።

«አንተ ነህ ነጋ? ቁጭ በል። አምስት ደቂቃ እመታለሁ፤ የሰማኸውን ጻፍ።»

መምታት ጀመረ። ነጋ ብዕሩን አስቀመጠና ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማኅሌት እንደቆመ ደብተራ ቀስ ብሎ ይወዛወዝ ጀመር።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እየተቀበልሁ።»

አምስት ደቂቃው ሲያልቅ ነጋ ዓይኑን ገልጦ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ጻፈው። ፈታኙ ከራሱ ወረቀት ጋር አስተያየና፣ «አንዲት ፊደል ተሳስተሃል» አለ፤ ደስም ያለው ይመስል ነበር።

«እርስዎ ነዎት ጌታዬ። እዚያ ላይ ጭረቷን አሳጠሯት። እኔ የመቱትን ነው የጻፍሁ።»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የመታውን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ መታና ስሕተቱን ሰማው። ጆሮው ቀላ። «መዝገብህን አምጣ» አለ።

መዝገቡ መጣ። ከባሕር ማዶ የተነጋገሩት ሰዎች በፖስታ የላኳቸው ዘጠኝ የማረጋገጫ ካርዶችም ከግድግዳው ተነቅለው መጡ። ፈታኙ የፈረንጁን ቀን ወደኛ ቀን እየመለሰ አንድ ባንድ ያመሳክር ጀመር። ፊቱ ጠቆረ።

«ይህ የቶሪኖ ሰው ኅዳር አሥራ አንድ አነጋገርሁት ይላል። አንተ ኅዳር ሚካኤል ብለህ ጽፈሃል። ሚካኤል አሥራ ሁለት ነው።»

«አዎን። ሚካኤል ነበር።»

«ይህኛውም በአንድ ቀን ይለያል። ይህኛውም! ያልተነጋገርኸውን ተነጋገርሁ ብለህ ነው የጻፍኸው። የሐሰት መዝገብ የያዘ ሬዲዮው ይታሸጋል።» ከቦርሳው ቀይ ሰም አወጣ። «እመቤት፣ ፍም አምጪልኝ።»

ነጋ ሦስት ዓመት የጠገናትን ሳጥን እያየ ቆመ።

ወለላ ግን ከምድጃዋ አልተነሣችም። «የባሌን አፍ የምትዘጋበት ፍም ከኔ ምድጃ?» አለች። «ከጎረቤት ሄደህ ለምነህ አምጣ። እስክታገኝ ድረስ ያችን ካርድ ወዲህ በላት።»

ወለላ ፊደል አልቆጠረችም። ካርዶቹን ግን በሥዕላቸው ታውቃቸዋለች፤ ዓመት ሙሉ ግድግዳዋ ላይ አብረዋት ኖረዋል፤ እያንዳንዷ ስትደርስም የመቼ ጨዋታ እንደሆነች ነጋ ነግሯታል። እንደ ምስር ትለቅማቸው ጀመር።

«ይህች ወፍ ያለባት የቀን ናት፤ በድሩ እየበላ ሳለ ነው ያወራት። ይህች መርከብ የቀን። ይህች ተራራ የቀን። የቀሩት ስድስቱ የማታ ናቸው፤ ራቱን እያቀዘቀዘብኝ አቃጥሎኛል። እስቲ የቀን የቀኑን እየው።»

ፈታኙ አየ። ሦስቱ የቀን ካርዶች ከመዝገቡ ጋር አንድ ናቸው። ስድስቱ የማታ ካርዶች ሁሉም፣ አንዱም ሳይቀር፣ ከመዝገቡ በአንድ ቀን ያንሳሉ። ውሸታም ቢሆን አንዱን ይስት፣ ሌላውን ይመታ ነበር።

«አቶ ነጋ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቀኑን ምን ብለህ ነው የምትጽፈው?»

«የነገውን ነዋ። ዋዜማው ገብቶ የለ? ዋዜማ ከገባ በኋላ ያለው የሚካኤል ነው እንጂ የማን ሊሆን ነው?»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰሙን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «አባቴ ቄስ ነበሩ» አለ። «ቅዳሜ ማታ እሑድ ገባ ይሉ ነበር። እንዴት ረሳሁት?» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ይቀመጡ አቶ ነጋ» አለ። ሲገባ «አንተ» ያለው ሰው ነው። «በሬዲዮ ሥራ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ከእንግዲህ እንደዚያ ይጻፉ።»

«ሚካኤልን ስድስት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ያቁሙት ማለትዎ ነው?»

«ለመዝገቡ ብቻ።»

ነጋ አሰበበት። «ለመዝገቡ ከሆነ ይቁም» አለ። «እሱም ቢሆን መልእክተኛ ነው፤ መጠበቅ ያውቃል።»

ፈታኙ ሳቀ፤ ሽሮውን በላ፤ ፈተናውን «በሚገባ አልፈዋል» ብሎ ፈረመ። በፈቃዱ ወረቀት ላይ የነጋን የጥሪ ስም በእርሳስ ጻፈለት፤ ዋሶቹ ሲሟሉ በቀለም ይጸናል። ሲወጣ ግን ሰሙን ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ሄደ። ረስቶ ይሁን ሆን ብሎ አላውቅም። ወለላ ከጨው ዕቃዋ አጠገብ አስቀምጣዋለች።

በድሩ የንግድ ፈቃዱን ይዞ በማግሥቱ መጣና በመጀመሪያው መስመር ላይ ፈረመ። «አያ ነጋ ቢታሰር ሽሮዬን ማን ሊያበላኝ ነው?» አለ።

ሁለተኛው መስመር ይኸው ባዶውን አለ። ፊታውራሪ፣ «ገብሴን ያልተሸከመ እኔም አልሸከመውም» አሉ። እሳቸው እምቢ ካሉ በኋላ የወረዳው ባለ ርስት ሁሉ ባንድ ሳምንት ታመመ። አንዱ የሚፈርምበት ጣቱ አበጠ፤ ሌላው መነጽሩ ጠፋ፤ መነጽር አድርጎ ግን አይቼው አላውቅም። የደብሩ አለቃ ደግሞ፣ «ሚካኤልን በር ላይ ላቆመ ሰው አልፈርምም» አሉ። እኔ ልፈርም ብዬ ነበር። ርስት የለኝም፤ ፊርማዬንም መሥሪያ ቤቶቹ የሚያውቁት በክስ መዝገብ ነው።

ነጋ አልለመነም። «ደንብ ጠብቄ የጠፋችብኝን ፊርማ ደንብ አፍርሼ አላመጣትም» ይላል። መዝገቡን በየቀኑ ይጽፋል፤ ቀኑንም እኩለ ሌሊት ላይ ይለውጣል። የቶሪኖው ሰው ባለፈው የላከው ካርድ ላይ «ኮሶዬ» የሚል ቃል አለ፤ ፊደሉን አሳስቶ፣ ግን በገዛ እጁ ጽፎታል። ከመኳንንቶቻችን ማን ነው ስሙ የአንገረብን ወንዝ የተሻገረለት? የኮሶዬን ስም ባሕር ያሻገረው ያ ቁመተ አጭር ተሸካሚ ነው። ይህን ስጽፍ ከማሾፍ ሌላ የምችለው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ለካ ሰው በጎረቤቱ መኩራትም ይችላል።

አንባቢ ሆይ፣ ሰኔ ተጋምሷል። ወረቀቱ ወለላ ቤት ግድግዳው ላይ ከካርዶቹ ሥር ተሰክቷል። ብዕሩ በክር ታስሯል፤ «ፈራሚ ቢጠፋ ብዕሩ እንኳ አይጥፋ» ብላ ያሰረችው ወለላ ናት። ከጽሑፌ መግቢያ ላይ በማዕርግህ የጠራሁህ በከንቱ አይደለም። ርስት አለህ፤ ካልሆነም የንግድ ፈቃድ አለህ። ጣትህም እስከማውቀው ድረስ አላበጠም። እንግዲህ ማኪናው ኮሶዬ ላይ ሲቆም ውረድ፤ ሽሮውን ብላ፤ እጅህን ታጠብ፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞር በልና እባክህ በሁለተኛው መስመር ላይ...