አባቴ ኤምአርአይ የተነሱ ቀን

የአባቴ ሕመም መጀመሪያ የታየው በጫማቸው ነው። ግራና ከተማ አጠገብ ካለው የሽንኩርት ማሳቸው ሲመለሱ አንደኛው እግራቸው ባዶ ነበር። እናቴ «ጫማዎ የት ቀረ?» ስትላቸው ጎንበስ ብለው አዩና ደነገጡ። የፕላስቲክ ጫማቸው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል፤ ውስጥ እግራቸውን ጠጠሩ ሰንጥቆታል፤ እሳቸው ግን ምንም አልተሰማቸውም።

እኔ መርሳ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። እናቴ ስትደውልልኝ የጀመርኩትን ቀሚስ ትቼ ሄድኩ። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው «ድካም ነው፤ አብሽሪ» አሉኝ። ሊነሱ ሲሉ ግን ጉልበታቸው ከዳቸውና ትከሻዬን ያዙ። ለካ ከጀመራቸው ሰንብቷል። የመስኖውን ቦይ የሚሻገሩት አካፋቸውን ተደግፈው ነበር፤ ያውም ማንም እንዳያያቸው መንገደኛው እስኪያልፍ ጠብቀው።

መርሳ ራጅ ተነሱ፤ አጥንታቸው ደህና ነው ተባለ። የወገብ ማስታገሻ ተሰጣቸው፤ ወሰዱ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ በሚኒባስ ወልድያ ይዣቸው ሄድኩ።

እዚያ ያየቻቸው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ይዘን የሄድነውን ራጅ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መጀመሪያ እሳቸውን አየች። ዓይናቸውን አስጨፍና የእግራቸውን አውራ ጣት በቀስታ እያንቀሳቀሰች «ወደ ላይ ነው ወደ ታች?» አለቻቸው። አባቴ ያለ ማመንታት «ወደ ላይ» አሉ። ጣቱ ወደ ታች ነበር። ደጋግማ ጠየቀች፤ ደጋግመው ሳቱ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ከንፈሬን ነከስኩ።

ከዚያ ጥጥ ይዛ ከእግራቸው ጀምራ ወደ ላይ እያስነካች «ሲሰማዎት ይንገሩኝ» አለቻቸው። ጥጡ ጉልበታቸውን አለፈ፣ ጭናቸውን አለፈ። እምብርታቸው አጠገብ ሲደርስ «አሁን» አሉ። በሌላው ጎን ደገመችው፤ በጀርባቸውም ደገመችው። ሁልጊዜ እዚያው ቁመት ላይ ነው «አሁን» የሚሉት። በእስክሪብቶ ቆዳቸው ላይ መስመር አሰመረች።

«አባቴ፣ ችግሩ እግርዎ ላይ አይደለም» አለች። «ወገብዎም ላይ አይመስለኝም። አንጎልዎና እግርዎ የሚገናኙበት ትልቁ ነርቭ፣ ህብለ ሰረሰር የምንለው፣ በጀርባ አጥንትዎ ውስጥ ነው የሚወርደው። ከዚህ መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ነገር የተጫነው ይመስለኛል።»

«ራጁ ደህና ነው ብሎ የለም እንዴ?» አሉ አባቴ።

«ራጅ በደንብ የሚያሳየን አጥንቱን ነው። ነርቩንና በዙሪያው ያለውን ለማየት ኤምአርአይ መነሳት አለብዎት። እሱ የሚሠራው በጨረር ሳይሆን በኃይለኛ ማግኔት ነው። እኔ በእጄ የገመትኩትን በዓይናችን ማየት አለብን። ደግሞ አንቆይም፤ ነርቩ ተጭኖት ከሰነበተ እግርዎ ላይመለስ ይችላል።»

«ያማል ልጄ?»

«አያምም። ግን ቦታው ጠበብ ይላል፤ ጩኸት አለው፤ እስኪያልቅ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ነው። አስቸጋሪው እሱ ብቻ ነው።»

ውጭ ብዙ ሰው ተራ ይጠብቃል። አባቴ ያንኑ ጥያቄ መልሰው ሲጠይቋት ግን ገና አሁን እንደሰማችው አድርጋ ትመልስላቸው ነበር። ስንወጣ «አላህ ያቆያት» አሉ።

በነጋታው ማሽኑ ወዳለበት ወደ ደሴ ሄድን። ምርመራውን የሚሠራው ባለሙያ አባቴ አጠገብ ተቀምጦ ይጠይቃቸው ጀመር። ልባቸው ላይ የተገጠመ መሣሪያ አለ? ኦፕራሲዮን ሆነው ያውቃሉ? በሰውነታቸው ውስጥ ብረት፣ ጥይት፣ ፍንጣሪ አለ?

አባቴ ወደ እኔ አዩና «አንዲት ትንሽ ነገር አለች» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በጦርነቱ ጊዜ በሬዎቹን ልፈታ ስመለስ ያገኘችኝ ናት።»

ያንን ጠባሳ አውቀዋለሁ። እኛን እንጨት ወጋኝ ነበር ያሉን።

«ለምን አልነገሩንም አባ?»

«ጎረቤቱ ሁሉ ሰው ሞቶበት ለቅሶ ተቀምጦ እኔ ስለ ክንዴ ላወራ?»

ባለሙያው «እንኳን ነገሩኝ አባባ» አላቸው። ማግኔቱ እንዲህ ያለውን ብረት ሊያንቀሳቅሰው ወይም ሊያሞቀው ስለሚችል ሳይታይ እንደማይገቡ አስረዳን። ክንዳቸው ራጅ ተነሳ፤ የራዲዮሎጂ ሐኪሙም መጥቶ አየው። ፍንጣሪዋ ከትልልቅ የደም ሥሮች ርቃ ጡንቻ ውስጥ ናት፤ ስለቆየችም ሥጋው አጥብቆ ይዟታል፤ መግባት ይችላሉ አለ።

አብሬያቸው ለመግባት ስጠይቅ ባለሙያው «አንቺም ብረት የሆነ ነገር ሁሉ አውጪ» አለኝ። ጉትቻዬንና ስልኬን አስቀምጬ ጨረስኩ ስል ወደ አንገትጌዬ ጠቆመኝ። እንደ ልማዴ የስፌት መርፌዎቼን እዚያ ሰክቻቸዋለሁ! አባቴ ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም።

አስተኝቷቸው ጆሯቸውን ሸፈነላቸው፤ በእጃቸው የጎማ ኳስ አስያዛቸው። «ካስጨነቀዎት ወይም ክንድዎን ካሞቀዎት ይህን ይጨምቁ፤ ወዲያው አወጣዎታለሁ።» አልጋው ቀስ እያለ ይዟቸው ገባ። ከዚያ ጩኸቱ ጀመረ። አንዴ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፣ አንዴ ብረት በብረት ላይ እንደሚቀጠቅጡ ይሆናል፣ ድንገት ጸጥ ይልና በሌላ ድምፅ ይነሳል። መሃል ላይ እግራቸው በራሱ ዘለለና ምስሉ ተበላሸ። ባለሙያው ምንም ሳይቆጣ ገብቶ ጉልበታቸው ሥር ትራስ አደረገላቸው፤ በቀስታ አሰረላቸውና «የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ነርቩ ነው» አላቸው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጩኸት ከመጀመሩ በፊት በድምፅ ማጉያው «አሁን ረዘም ይላል አባባ» እያለ ይነግራቸው ነበር። አባቴ አልተነቃነቁም። ኳሷንም አልጨመቁም።

ሲወጡ «ምን እያሰቡ ቻሉት?» አልኳቸው።

«ሽንኩርቴን ሳጠጣ ነበር። ከላይኛው መደብ ጀመርኩ፤ አንዱ በደንብ ሳይጠጣ ወደ ሌላው አላለፍኩም። ጩኸቱ ሲበረታብኝ በዚክር የአላህን ስም እጠራለሁ።»

ውጤቱን ይዘን ወልድያ ተመለስን። ሐኪሟ ምስሉን ስክሪኑ ላይ ከፍታ አሳየችን። ህብለ ሰረሰሩ እንደ ገመድ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ወደ ጎን ተገፍቷል፤ የገፋው የባቄላ ፍሬ የምታህል እጢ ናት። በእስክሪብቶ ካሰመረችው ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ልክ እንዳለችው። በጥጥና በጣቶቿ ብቻ እዚያ ድረስ መድረሷ ዛሬም ይደንቀኛል። እሷ ግን ስለ ራሷ አንድም ቃል ሳትናገር አባቴን ነው ያየችው። «ሲታይ ክፉውን ዓይነት አይመስልም፤ እርግጠኛው ወጥቶ ሲመረመር ነው። ደግነቱ በጊዜ ደርሰንበታል።»

አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። እጢው ካንሰር አለመሆኑ ተረጋገጠ። እንደ ሕፃን እንደገና መራመድ ተማሩ፤ ግድግዳ ይዘው፣ ከዚያ እኔን ይዘው፣ ከዚያ ከዘራ ይዘው። ቀኝ እግራቸው ዛሬም ትንሽ ይጎተታል፤ ማሳቸው ግን ደርሰው ይመለሳሉ።

ባለፈው ደግሞ ከወልድያ በላይ ካለው ደጋ የሚመጡ የገበያ ወዳጃቸው ጭንቅላታቸውን እየፈለጣቸው፣ ዓይናቸውም እየደበዘዘ ኤምአርአይ ታዘዘላቸው። ሰውየው «ሰው ከነነፍሱ መቃብር ይገባል አሉኝ፤ አልሄድም» ብለው እምቢ አሉ።

አባቴ ግራና ገበያ ላይ አጠገባቸው ተቀምጠው «ወላሂ መቃብር አይደለም» አሏቸው። «በሁለት በኩል ክፍት ነው፤ መብራት አለው፤ ሰው ያናግርዎታል። ጥበቱን እንዳያዩ ዓይንዎን ገና ሳይገቡ ይጨፍኑ። የሚጠይቁዎትን ሁሉ ሳይደብቁ ይንገሯቸው። እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

እኔም ከደሴ ጨርቅ ስለምገዛ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ሰውየው ሊገቡ ሲሉ የአንገታቸው መስቀል ብረት ስለሆነ ያውልቁ ተባሉ። ማተቡን ይዘው አመነቱ።

«ለእኔ ይስጡኝ» አሉ አባቴ። «እስኪወጡ እይዝልዎታለሁ።»

ሰጧቸው። አባቴ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ መስቀሉን በመዳፋቸው ጨብጠው፣ በሩን እያዩ ተቀመጡ። ሻይ ላምጣልዎት ስላቸው እንኳ «ቆይ፣ መጀመሪያ ይውጡ» አሉኝ። ሰውየው ላብ በላብ ሆነው ግን ፈገግ ብለው ወጡ። «እውነትዎን ነው፤ መጮሁ ብቻ ነው።»

አባቴ በከዘራቸው ተነሱና ማተቡን በራሳቸው እጅ በሰውየው አንገት ላይ አጠለቁላቸው።