የሺወርቅ ያላመነችው እንክብል

የሺወርቅ ጨርቅ ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው ጀርባውን ነው። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ውስጥ በተከራየቻት ጠባብ ሱቅ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ነጋዴው «ንጹሕ ጥጥ ነው» ካላት አንድ ክር ትመዝና በክብሪት ለኩሳ ታሸተዋለች። የፕላስቲክ ሽታ ከሸተታት ሌላ ቃል ሳትናገር ትወጣለች። ከሰውም ጋር እንዲሁ ነበረች። ስደት ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ስትኖር ብዙ ወረቀት ፈርማለች፤ ከፈረመችው ውስጥ የገባት ጥቂቱ ነው።

ባሏ ወንዳፍራሽ ኪሊማኒ በሚገኝ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሊሄድ የሚኒባስ መቆሚያው ስቴጅ ላይ ቆመ። ማታቱው መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ። ሁለተኛው መጣ፣ እሱም ሄደ። ረፋድ ላይ ወንዳፍራሽ ወደ ቤቱ ተመልሶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተኛ።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«እግሬ እምቢ አለኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ወራት አለፉ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ጸለዩለት፤ እሱም አብሯቸው አሜን ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። የሰፈራቸው ሐኪም ድብርት ነው አለ። አንድ መድኃኒት ተሞከረ፣ አልሠራም። ሁለተኛው እንቅልፉን ትንሽ መለሰለት እንጂ ሰውየውን አልመለሰውም።

የጥናቱን ወሬ ያመጣችው ልጃቸው አቢግያ ናት፤ ናይሮቢ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

«ማሚ፣ ፓርክላንድስ አንድ ክሊኒክ አለ። ሪሰርች ነው። ሁለት መድኃኒት ሞክረው ላልተሻላቸው ሰዎች። ኤምአርአይም ያነሱታል፣ ፍሪ።»

«ምኑን ነው የሚያነሱት?»

«ብሬይኑን።»

«በነፃ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ሪሰርች ስለሆነ ነዋ።»

«እኮ፣ ለምን?» አለች የሺወርቅ።

ቢሆንም ሄዱ። ዶክተር ንጄሪ የምትባል አጭር፣ ድምፀ ለስላሳ ሐኪም ተቀበለቻቸው። ወንዳፍራሽ የሚወስደው መድኃኒት እንደማይቋረጥ፣ በላዩ ላይ ግን አንድ እንክብል እንደሚጨመርለት አስረዳች። ከዚያ ሌላ በሽተኛ ጠራትና ወጣች። ነርሷ ዘጠኝ ገጽ የአማርኛ ወረቀት ሰጠቻቸው። የሺወርቅ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አራተኛው ገጽ ላይ «ተሳታፊው ከሁለት መድኃኒቶች አንዱን በዕጣ ያገኛል» ይላል።

«ሁለተኛው መድኃኒት ስሙ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ነርሷ አማርኛ አትችልም፤ አቢግያ ብትተረጉምላትም «ዳክታሪ ታስረዳችኋለች» ብቻ አለች። ዶክተሯ እስክትመለስ ወንዳፍራሽ ፈርሞ ጨርሷል። በዚያ ሰሞን የሞት ፍርዱን ቢሰጡትም ይፈርም ነበር።

የእንክብሉ ብልቃጥ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረም። ይህ የሺወርቅን እንቅልፍ ነሳት። ስም የሌለው መድኃኒት ምን ዓይነት መድኃኒት ነው? ደብተር ገዛችና መጻፍ ጀመረች፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ምን በላ፣ ስንት ቃል ተናገረ። ጎረቤቷን አጸደን ጠይቃ «ጭንቅላት ውስጥ የሆነ ነገር ይቀብራሉ» የሚል ወሬ ሰማች። አላመነችውም፤ ግን ከልቧም አልወጣም። ወንዳፍራሽ ከኤምአርአይ ሲመለስ ፀጉሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየች። እሱ ጎንበስ ብሎ አሳያት።

አምስት ሳምንት ሞላ። ደብተሩ ላይ ለውጥ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሺወርቅ የዚያን ቀን እንክብል በመቀሷ ጫፍ ከፈተችው። ነጭ ዱቄት ነው። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። አይመርም፣ አይጣፍጥም።

«አቢግያ፣ እንግሊዝኛውን ወረቀት አምጪልኝ።»

አቢግያ የፈረሙ ቀን የእንግሊዝኛውን ቅጂ ክሊኒኩ ውስጥ በስልኳ አንስታው ነበር። አራተኛውን ገጽ ጎን ለጎን አደረጉ። የሺወርቅ በጣቷ አንድ ቃል ላይ ቆመች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ፕላሴቦ ነው የሚለው» አለች አቢግያ፤ ድምጿም ቀነሰ። «መድኃኒት የሌለበት እንክብል ማለት ነው። መልኩ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ምንም የለውም። አዲሱ መድኃኒት እውነት ይሠራ እንደሆነ ለማወዳደር ነው።»

«የእኛው ላይ የት አለ?»

ዘጠኙንም ገጽ ፈለጉ። የለም።

«ማሚ፣ ትራንስሌሽኑ ተሳስቶ ይሆናል።»

«አውቀው ነው» አለች የሺወርቅ።

ማክሰኞ ቀጠሮ ነበራቸው። የሺወርቅ ሁለቱን ወረቀቶች ዶክተር ንጄሪ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። አቢግያ እንድትተረጉም አልጠበቀችም፤ በገበያ በተማረችው ስዋሂሊ «ኒያምቢዬ ኡክዌሊ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት። እንክብሉን ከፍታ እንደቀመሰችም አልደበቀችም።

ዶክተሯ ሁለቱን መስመሮች አቢግያ ቃል በቃል እንድታነብላት አደረገች።

«ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ» አለች። «ይህ መሆን አልነበረበትም። ዛሬውኑ ጥናቱን ለሚቆጣጠረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ አሳውቃለሁ። ስለ ጣዕሙ ግን፣ ቀምሶ ማወቅ አይቻልም። ሆን ተብሎ እንዳይለይ የተሠራ ነው። የትኛው እንደደረሰው እኔም አላውቅም።»

አቢግያ ስትተረጉም የሺወርቅ ጆሮዋን ተጠራጠረች። «እርስዎም አያውቁም?»

«እዚህ ክሊኒክ ያለ ማንም አያውቅም። ካወቅን የምናየውን ሳይሆን የምንመኘውን እንጽፋለን።»

ነገሩ ትንሽ ገባት፤ የምትሰጠውን የማታውቅ ሐኪም ግን ገጥሟት አያውቅም ነበር።

አማርኛውን ወረቀት የፈረሙ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም በስልክ ተጠሩ፤ ወረቀቱ እንደ አዲስ ተጻፈ፤ እያንዳንዱም መቀጠል ይፈልግ እንደሆነ ተጠየቀ። የወንዳፍራሽ ተራ ሲደርስ የሺወርቅ ቦርሳዋን አንግታ ተነሥታለች። ዶክተሯ ግን የጠየቀችው እሱን ነበር።

«እቀጥላለሁ» አለ።

«ወንዴ፣ ሰምተሃል አይደል? ባዶ ሊሆን ይችላል።»

«ሰምቻለሁ። ባዶም ቢሆን ይሁን። ማክሰኞ ማክሰኞ እንዴት እንዳደርኩ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። አንቺ ትጽፊያለሽ እንጂ አትጠይቂኝም።»

በወራት ውስጥ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። የሺወርቅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ወደ ቤት ሲመለሱ ማታቱው ቲካ መንገድ ላይ በትራፊክ ተይዞ ረጅም ሰዓት ቆየ። ቤት ሲደርሱ ደብተሩን ሳትከፍት አጠገቡ ተቀመጠችና «እንዴት ነህ ዛሬ?» አለችው። «አላውቅም» አላት። ያንኑም አልጻፈችውም።

ጥናቱ ሲያልቅ ምስጢሩ ተከፈተ። ወንዳፍራሽ ሲወስድ የኖረው እውነተኛውን መድኃኒት ነበር። ባዶ የመሰላት ዱቄት ባዶ አልነበረም፤ ግን ለእሱ ያደረገለትም ብዙ አልነበረም። «ሌሎቹን ረድቷቸው እንደሆነ ገና እየተሰላ ነው» አለች ዶክተር ንጄሪ። ከዚያ በኋላ ጢሞቴዎስ ከሚባል ኢትዮጵያዊ አማካሪ ጋር በየሳምንቱ እንዲነጋገር ተደረገ፤ የድሮ መድኃኒቱም መጠኑ ተስተካከለ። ከሦስት ወር በኋላ ወንዳፍራሽ በሳምንት ሦስት ቀን ሥራ ጀመረ። አንዳንድ ጠዋት አሁንም አይነሣም። ምን እንዳሻለው ሲጠየቅ እሱ ጢሞቴዎስን ያነሣል፣ አቢግያ የተስተካከለውን የድሮ መድኃኒት። የሺወርቅ ሁለቱንም ሰምታ ትከሻዋን ትሰብቃለች።

አራተኛውን ገጽ ማን እንደተረጎመው ጠይቃ ነበር። ክሊኒኩ «አንድ የትርጉም ድርጅት ነው፣ በችኮላ የተሠራ ስህተት ነው» ብሎ ይቅርታ የጠየቀበትን ደብዳቤ ሰጣት። ደብዳቤው ላይ የተርጓሚው ስም የለም። እስከ ዛሬ ስህተት መሆኑን ሙሉ በሙሉ አላመነችም።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው የማኅበረሰቡ ተወካይ አባል ሆና ወረቀቶችን እንድታነብ ሲጋብዛት «አፌን ሊዘጉ ነው» ብላ ነበር፤ ሄደች ግን። ባለፈው ስብሰባ የአንድ አዲስ ጥናት ቅጽ ቀረበ፦ የበሽተኞች ደም «ለወደፊት ምርምር» ይቀመጣል ይላል።

«ስንት ዓመት? የት አገር? ከሞቱ በኋላስ ማን ይጠየቃል?» አለች።

ከኮሚቴው ፕሮፌሰሮች አንዱ «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ።

«ጥሩ መሆኑን አውቃለሁ» አለች የሺወርቅ፤ «መልሱን ነው የምፈልገው።»

ቅጹ እንዲስተካከል ተመለሰ። እሷም ቅጂውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ሲመለስ ምን እንደተቀየረ መስመር በመስመር ልታመሳክረው።