ከሳጥኑ ጎን የቀረችኝ ቦታ

ባሌ እኔን ከማግባቱ በፊት ማኪና ነበረው። ትንሽ ናት፤ ከኋላ ጭነት የምትይዝ፣ ከፊት ጋቢናዋ ሁለት ሰው በምቾት፣ ሦስት ሰው በጭቅጭቅ የምታስቀምጥ። ከጎንደር ደባርቅ፣ ሲቀናውም ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ ድረስ፣ በርበሬና ጨው፣ ቆርቆሮና ሳሙና ያመላልስባታል። እኔንም ያገኘኝ እዚያው አዲ አርቃይ፣ ከአባቴ ሱቅ ደጅ ሳሙና ሲያራግፍ ነው። ስለዚህ በማኪናዋ ቀንቼ አላውቅም። ኋላ ከላካቸው ሽማግሌዎች ሁሉ የእሷ ውለታ ይበልጥብኛል።

ዓይኔ የቀላው ከዚያ በኋላ በመጣው ነገር ነው። አንድ ጊዜ ጭነት ይዞ አስመራ ደርሶ ሲመለስ ልቡን እዚያው ጥሎት መጣ። "ሰው እየነዳ ዘፈን ይሰማል!" አለኝ።

"አንተስ እየነዳህ ትዘፍን የለም እንዴ?" ብለውም አልሰማኝም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ በባትሪ የሚሠራ ሸክላ ማጫወቻና ሁለት ድምፅ ማጉያ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ መጥቷል። ቤት ውስጥ ሲያጫውተው ግሩም ነው። ማኪናዋ ውስጥ ግን ከጭኔ ላይ አስቀምጦ ሞከረውና ገና ከፒያሳ ሳንርቅ መርፌው ዘለለ። ዘፋኙ ፍቅሩን መግለጥ ሲጀምር ወዲያው ተሰነባብቶ ቁጭ አለ።

ሹፌር በመንገድ ተሸነፈ መባልን አይወድም። ባሌ ከጎሚስታው ዘንድ ያረጀ ከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ለምኖ አመጣና እንደ ጠፍር ቀደደው። ማጫወቻው በጎማው ቅዳጅ ተንጠልጥሎ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ፣ መንገዱ ሳጥኑን ያንገጫግጨዋል እንጂ መርፌው ዘንድ አይደርስም አለ። እውነትም የብልህ ሐሳብ ነበር። ችግሩ ሳጥኑ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ከኋላ እንዳይሆን አቧራና ዝናብ አለ፤ ከመሪው ሥር እንዳይሆን እግር አለ። የቀረው መቀመጫው ነው። ወጥ የነበረው መቀመጫ ከመሀሉ ተቆርጦ ሳጥኑ በእሱና በእኔ መካከል ይግባ ተባለ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

አናጢው ለሙሽሮች የልብስ ሳጥን በመሥራት የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ አያ ይላቸዋል። ሜትር አላቸው፤ ግን ከኪሳቸው አይወጣም። "ሰው የሚቀመጥበት በሰው ነው የሚለካ" አሉና እኔን ጋቢናው ውስጥ አስቀመጡኝ። የሰው ሚስት ዳሌ አጠገብ ደግሞ እጃቸውን አያደርሱም፤ አማቴ ተጠሩ። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና መዳፋቸውን ከዳሌዬ ጥግ መቀመጫው ላይ ተከሉት።

"እስከዚህ ናት፤ ከዚህ ወዲያ የኔ ምራት የለችም" አሉ። አናጢው በከሰል አሰመሩ።

እኔ ደግሞ ያን ሰሞን የሁለት ወር ቅሪት ነበርኩ። የምናውቀው እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን። በዚያ ዘመን ልጅ እግር ሚስት በገዛ አፏ አርግዣለሁ አትልም፤ ያውም የመጀመሪያዋን፣ ያውም ለባሏ። ሌላው ያይላታል። አማት ከፊቷ ታነባለች፣ ጎረቤት ታሽሟጥጣለች፣ ባል ከሁሉ ኋላ ይሰማል። ታዲያ በአናጢና በአማት መካከል ተቀምጬ ምን ልበል?

"አያ፣ ትንሽ ሰፋ ቢል" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ምነው ልጄ?" አሉ አማቴ።

"ጋቢ ስደርብ እንዳይጠበኝ ብዬ ነው።"

"ጋቢውን ከሳጥኑ ላይ ታደርጊዋለሽ" አለ ባሌ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። የከሰሉ መሥመር ባለበት ቀረ።

መቼም የእውነት አምላክ አለ፣ ሥራው ሲያልቅ ያምር ነበር። ሳጥኑ የዋንዛ ነው፤ ተልጎ ተወልውሎ ፊት ያሳያል። አንዱ ድምፅ ማጉያ ከእግሬ ሥር፣ ሌላው ከባሌ ማጅራት ኋላ ገባ። ማኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ማጫወቻው እንደ አንቀልባ ልጅ ይወዛወዛል፤ ዘፈኑ ግን ፍንክች አይልም። ባሌ ጉድጓድ መሸሽ ተወ፤ እንዲያውም እየፈለገ ይገባበት ጀመር።

አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ስንደርስማ ሰው እንደ ታቦት አጀበን። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው በመስኮቱ ጆሯቸውን ሰጡ። የአዝማሪ አገር ሰው ናቸውና ዘፋኝ ካለ ግጥም ይሰጡታል፣ እሱም ተቀብሎ ያዜምላቸዋል። "ተቀበል!" አሉና ስለ በሬያቸው አንድ ግጥም ጣል አደረጉ። ሸክላው የራሱን ቀጠለ። ግጥሙን ደገሙለት፤ አሁንም የራሱን ቀጠለ።

"ምነው፣ ይኸ ሰውዬ ደንቆሮ ነው እንዴ?" አሉ ወደ ባሌ ዞረው።

ባሌ መርፌውን አነሣና ግጥሙን ራሱ ተቀበለላቸው። ድምፁ በግ የጠፋበት ሰው ድምፅ ነው፤ ሽማግሌው ግን "ይኸ ነው ሸጋ!" ብለው መርቀውት ሄዱ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር ባሌ። ብትናደዱበትም አያዛልቃችሁም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘፈኑ ቆመ። ሳጥኑ ግን ከቦታው አልተነሣም፤ ያን ሁሉ ጊዜ አፉን ዘግቶ ከጎኔ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ ጾም ይዤም እየሰፋሁ ሄድኩ። ለፋሲካ አማቴ አወቁ፣ ጎረቤት አወቀ፣ በመጨረሻም ባሌ ሰማ። ሲሰማ ተነሥቶ ወጣ። ደስ ብሎት ይሁን ጨንቆት አልገባኝም።

ግንቦት ላይ የጋቢናው በር አልዘጋ አለኝ። እሱ ከውጭ ይገፋል፣ እኔ ከውስጥ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ የማይሆን ነገር ነው። በዚያው ሰሞን እናቴ ከአዲ አርቃይ በመንገደኛ ላከችብን። "ክረምቱ ሳይጠነክር ልጄን አምጡልኝ" የሚል ነው መልእክቱ። የበኩር ልጅ በእናት ቤት መወለዱ ደንብ ነው፤ እኔ ግን ደንቡን ብዬ አልነበረም የቸኮልኩት። ምጥ እፈራ ነበር። እናቴ እጄን ካልያዘችኝ የምሞት ይመስለኝ ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም።

ባሌ ሥራ ጀመረ። የበሩን የውስጥ ልባስ ነቀለ። የመስኮቱን ማውረጃ እጀታ ነቀለ። ከመቀመጫዬ ውስጥ ስፖንጁን አወጣና ከሽቦው ላይ አስቀመጠኝ። በጎን ተቀመጪ አለኝ፣ ዞር በይ አለኝ፣ አንድ ጊዜም እግርሽን በመስኮት ብታወጪውስ ሊለኝ ጀምሮ ፊቴን አይቶ ተወው። የማይነቀለውን ሁሉ ሲነቅል ሳጥኑን ግን አልነካም። ዓይኔ ወደዚያ ካዘነበለ "እሱማ በሙጫ ተጣብቋል፤ አያ ያጣበቁት አይላቀቅም" ይላል።

እኔም አውጣው አላልኩትም። እልህ ይዞኛል። ሚስትና ሸክላ ሲመዘኑ የቱ እንደሚከብድ ራሱ አይቶ እንዲናገር ፈለግኩ። "በአውቶቡስ ልሂድ እንግዲያ" ብለውም "የሹፌር ሚስት በሰው ማኪና?" ብሎ ተቆጣ። አማቴ ደግሞ ሲጨንቃቸው ወደ ጓዳ ይገባሉ።

በመጨረሻ ከኋላ፣ ከጭነቱ ቦታ ላይ ፍራሽ ተነጠፈልኝ። በሰኔ መጀመሪያ፣ በአንድ ብራ ማለዳ፣ ጥላ ይዤ እንደ በርበሬ ተጭኜ ጎንደርን ለቀቅኩ። ከፊት ሸክላው በክብር ተቀምጧል። ባሌ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፤ በየጥቂቱም በኋላው መስኮት ዞሮ ያየኛል። እኔ ወደ ሌላ አያለሁ።

ዳባት ገበያው ዳር ውሃ ልንጠጣ ቆምን። አንዲት ጌሾ ሻጭ አየችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ምነው ከኋላ?"

"ጋቢናው ሞልቶ ነው።"

"ማን አለበት?"

"ሄደሽ እይው።"

ሄደች፤ በመስኮቱ አጎንብሳ አየችና ቀና አለች። "ኧረ ሳጥን ነው!" ብላ ጮኸች። ገበያተኛው ሴት ሁሉ ዕቃውን እየተወ መጣ። አንዷ ታየኛለች፣ አንዷ ሳጥኑን ታያለች፣ አንዷ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ጌሾ ሻጯ ወገቧን ይዛ ባሌ ፊት ቆመች።

"አንተ ጎበዝ፣ እሷ ከኋላ ሳጥኑ ከፊት! ሳጥኑ ነው ወይ የሚወልድልህ?"

ባሌ ከመቀመጫው ሥር መፍቻ አወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ጥቂት ብሎኖች ፈታ፣ ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ይዞት ወጣ። ሙጫ የሚባል ነገር አልነካውም። ሴትዮዋ የፈታችውን ጌሾ መልሳ ሳትቋጥር ሥራው አለቀ። ሳጥኑን ከፍራሼ ላይ አስተኛው፤ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት የራሱን ጋቢ አለበሰው። እኔም ከፊት ገባሁ፤ በሩ ተዘጋ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ነደድኩ። እንዲህ የሚቀል ከሆነ ያ ሁሉ ወር ምን ነበር? እስከ ደባርቅ አልተናገርኩትም። ሊማሊሞ ላይ ሰው ከሹፌር ጋር አይጣላም፤ ከግራ ገደል፣ ከቀኝ ገደል ነው። እኔ የተጣላሁት እዚያ ላይ ነው።

"ተጣብቋል አላልከኝም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ?"

መታጠፊያውን ዞረ። ቀጥሎ ያለውንም ዞረ።

"እህቴ የሞተችው በወሊድ ነው" አለ።

እህት እንደነበረችው አውቃለሁ፤ በምን እንደሞተች ግን በዚያ ቤት አይነሣም። ራሱ ቀጠለ።

"የበኩሯን ልትወልድ እኛ ዘንድ መጣች። እናቴ እጇን ይዛት ነበር። ባሏ ሊወስዳት መጥቶ ልብሷን ብቻ ይዞ ተመለሰ። ልብሷን ከበቅሎው ላይ የጫንኩለት እኔ ነኝ።" ለመታጠፊያው ጥሩምባ ነፋና "ሳጥኑ እዚያ እስካለ የትም አትሄጂም ብዬ ነው" አለ።

ያ ሁሉ ንዴቴ በአንድ ጊዜ ጠፋ። አማቴ ለምን ጓዳ እንደሚገቡም ገባኝ። እኔ በእናት እጅ ስታመን እሱ በእናት እጅ ላይ ያየውን ይዞ፣ ለሰው መናገር ቢያቅተው ከብሎን ጋር ሲታገል ከርሟል። አዘንኩለት፤ እንደዚያ ቀንም ወድጄው አላውቅም። የምፈራውን ነገርኩት፤ እንዳለ፣ ሳላስቀር።

"አውቃለሁ" አለ፤ ማርሹን ቀነሰና ቁልቁለቱን ያዘ።

እናቴ ቤት ስንደርስ እልልታ ሆነ። አማች በአማቱ ቤት እግሩን አይዘረጋም፤ አጎንብሶ በልቶ፣ በማግስቱ መሄድ ነው ወጉ። በማግስቱ ዘነበ። "ሊማሊሞ ተዘግቷል ይላሉ" አለ ባሌ። በሦስተኛውም ቀን ተዘግቷል አለ። ከዚያ የእናቴን ጣራ ቆርቆሮ መታ፣ የአባቴን ሱቅ በር አቃና፣ እናቴ ብቅ ባለች ቁጥር በሀፍረት ግድግዳ ይታከካል፤ ግን አልሄደም። ሥራው ጎንደር እየጠበቀው፣ ደንበኞቹ በሌላ ማኪና እያስጫኑ፣ ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ።

ነሐሴ ላይ ምጥ ያዘኝ። እናቴ እጄን ይዛለች፤ እሱ ደጅ፣ ዝናብ ውስጥ ቆሞ፣ ማኪናዋን ሲያጥብ ዋለ ብለው ነግረውኛል። ልጃችን ተወለደች፤ እኔም ተረፍኩ። እስከዚያች ቀን ድረስ ምነው በአማትህ ቤት ከረምክ ብሎ ለጠየቀው ሁሉ "ሊማሊሞ ተዘግቶብኝ ነው" ይል ነበር። እናቴም "እውነቱን ነው፣ ናዳ ወርዶ ነው" ትልለት ነበር። ከጎንደር የሚመጡት ትልልቅ የጭነት ማኪኖች ግን ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ በደጃችን ያልፉ ነበር።