እስኪደርቅ ቁጭ በይ

የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ክፍልን ወለል የምትወለውለው ሴትዮ መወልወያዋን ከእጇ አትለይም። ጋዎኗ ታጥቦ ታጥቦ ሰማያዊነቱን ለቋል። ጫማዋ ደግሞ የጎረምሳ ስኒከር ነው፤ ሁለት ቁጥር ስለሚሰፋት በየእርምጃው ሊወልቅ ይቃጣዋል።

ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አግዳሚው ላይ ሆና ስታያት ቆየች። የምትሞላው ቅጽ ስሟ ላይ ቆሟል። "ምን ብዬ ልናገር? ይስቁብኛል" አለች በሆዷ፤ እግሬ አውጪኝ ልትል ብድግ አለች።

"ተይ ልጄ፣ እርጥብ ነው፣ ትወድቂያለሽ! እስኪደርቅ ቁጭ በይ" አለቻት ሴትዮዋ።

ተቀመጠች። መውጫው በር ስር ያለው ወለል ደረቅ ሊል ሲል ሴትዮዋ ከች ትልና እንደገና ታርሰዋለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገች። ወደ አማካሪዋ ቢሮ የሚወስደውን ወለል ግን የውኃ ጠብታ አላስነካችውም።

በመጨረሻ ስሟ ሲጠራ ልጅቷ ተነሳች።

"እማማ፣ ይሄ ወለል መቼም አይደርቅም እንዴ?"

ሴትዮዋ ጨርቋን ጨመቀች፤ ቀና አላለችም።

"የኔው ልጅ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ ሳይገባ የተመለሰ ዕለት፣ ደርቆ ነበር።"